የወፍ ገመድ

ካፒቴኑ ሊሞት ነው። የነገረችኝ የወንድሙ ልጅ ናት፤ በስልክ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ከሱ ሞት ይልቅ የእኔን ቁጣ የፈራች ትመስላለች። «ይቅርታ ሊጠይቅሽ ይፈልጋል» አለችኝ። «ብትመጪለት ነፍሱ ታርፋለች።»

የሱ ነፍስ ዕረፍት የእኔ ሥራ የሆነው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቅኋት። «ሊሞት እኮ ነው» አለችኝ። ሰው ሁሉ እንዲህ ነው። አንድ ክፉ አልጋ ላይ ወድቆ ትንፋሽ ሲያጥረው ሲያይ፣ በሁለት እግሩ ቆሞ ሳለ የሠራውን ሁሉ ይረሳለታል። እኔ ሞትን እንደ ሳሙና አላየውም። ያደፈውን አያነጣም።

ልሂድ አልሂድ ገና አልወሰንኩም። ከመወሰኔ በፊት ነገሩን ከሥሩ ልናገር፤ መጀመሪያ በሰባት ዓመት ልጅ ዓይን እንዳየሁት፣ ማለትም ተሳስቼ።

*

አባቴን የገደለችው ወፍ ናት። ልጅ ሳለሁ የማውቀው ይህን ነበር፤ ሰው ስሙን በሚያውቀው ልክ አውቀው ነበር።

ቤታችን ከወደቡ የበረዶ ፋብሪካ ጀርባ ነበር። ግድግዳችን በበጋ እንኳ ያልበዋል፤ ጀርባዬን ስለጥፍበት ቀሚሴ ይርስ ነበር። የእናቴ የስፌት መኪና በመስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ከመኪናው ጠረጴዛ ሥር ያለው ቦታ የኔ ቤት ነው። የሸራ ብጣሽ ምንጣፌ፣ ያለቀ የክር ማጠንጠኛ ደግሞ አሻንጉሊቴ ነበር። ከዚያ ሆኜ የእናቴን እግር ፔዳሉ ላይ ሲወጣና ሲወርድ አያለሁ፤ የትልልቅ ሰዎችን ወሬ ደግሞ ከወገባቸው በታች እሰማለሁ።

አባቴ ከባሕር ሲመለስ የሚያወራው አልባትሮስ ስለምትባለው የባሕር ወፍ ብቻ ነበር። ስለ ዓሣ አውርቶ አያውቅም፤ ዓሣ ሥራው ነው። ወፏ ግን ወዳጁ ናት። መሐል ቤት ቆሞ ክንዶቹን ይዘረጋል።

«የአንዷ ክንፍ ከዚህ ግድግዳ እስከዚያ ግድግዳ ነው» ይላል። «አታርገበግበውም እኮ። ዘርግታ ቆልፋው ነፋሱ ላይ ትተኛለች። ከጎጆዋ ከወጣች ለዓመታት መሬት አትረግጥም።»

«እግሯን አያማትም?»

«ምን እግር አስፈለጋት! ጫማ የምትጨርሺው አንቺ ነሽ።»

ከዚያ ስለ ደሴቲቱ ይነግረኛል። ሚስት ከአንድ ውቅያኖስ፣ ባል ከሌላ ውቅያኖስ መጥተው በተወለዱበት ደሴት ላይ ይገናኛሉ። ምንቃራቸውን እያማቱ ይጨፍራሉ። አንድ እንቁላል ብቻ ትጥላለች፤ ተራ በተራ ይታቀፉታል። ቀድሞ የደረሰው ይጠብቃል።

«ካልመጣችስ?»

«ይጠብቃታል።»

«እስከ መቼ?»

«እንደኔ እስኪሰለቸው» አለች እናቴ ከመኪናዋ ላይ ቀና ሳትል። አባቴ ሳቀ። የስፌት መኪናውም ሳቀ፤ ቢያንስ ከሥሩ ለተቀመጥኩት እንዲያ መስሎኛል።

ከዚያ አንድ ቀን ካፒቴኑ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ደጃችን ላይ ቆመ። የአባቴ መርከብ የሱ ነበረች። ቤታችን ገብቶ አያውቅም፤ በሩ ለቁመቱ አጠረና ጎንበስ አለ። ካፒቴን ሲያጎነብስ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

«ወፍ ናት» አለ። «ፊቱ ላይ መጣችበት። ሚዛኑን ሳተ። እስክንዞር ድረስ ባሕሩ ውጦታል።» ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለጎረቤቶች «ትንሽም ቀማምሶ ነበር» አላቸው።

እኔ የመርከቧን ወጥ ቤት ሠራተኛ ምግብ የቀማመሰ መስሎኝ ነበር። የሚገርም አልነበረም፤ ሰውዬው እጁ ጨው ስለማያውቅ ጨው የለሽ ነው የሚሉት፤ የሱን ምግብ የቀመሰ ሰው ሚዛኑን ቢስት አይፈረድበትም። ጎረቤቶቹ ግን በገባቸው መንገድ ገባቸው። አንዷ ከንፈሯን መጠጠችና «ወይ መጠጥ!» አለች። የእናቴ አንገት ሲገተር አየሁ።

አባቴ መጠጥ አይቀምስም ነበር። ይህን አሁን የምለው ልጁ ስለሆንኩ አይደለም። ካፒቴኑ ራሱ ያውቀው ነበር። ሰውን አንዴ መግደል ለሱ አልበቃውም፤ ስሙንም አብሮ ሊያሰምጥ ነበር።

በዚያው ሰሞን የካፒቴኑ ሚስት መጣች። ቤቱ ሊያጽናኑን በመጡ ሰዎች ሞልቷል። ከትልቅ ከረጢት አንድ የዝናብ ካፖርት አወጣች፤ ብርቱካናማ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ነጫጭ ዳክዬዎች የታተሙበት፣ ቆብ ያለው። እሷው ራሷ አለበሰችኝና ትከሻዬን ይዛ በሰዉ ሁሉ ፊት አዞረችኝ።

«ተመልከቱልኝ! በልኳ የተሰፋ አይመስልም? ሚሚዬ፣ ራሴ ነኝ የመረጥኩልሽ።»

በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር ኖሮኝ አያውቅም። አባቴ በሞተ ሰሞን ደስ አለኝ፤ ልጅ ነኝና ደስ አለኝ። ለብሼው ተኛሁ።

*

ካፒቴኑ እንደገና የመጣው ጎረቤቶች ከተበተኑ በኋላ ነው። ቀይ የሪባን ጥቅልና የተጠቀለለ ገመድ ይዟል።

«እህቴ፣ የወፍ ገመድ እፈልጋለሁ» አላት። «እንዳንቺ የሚሰፋው የለም። ዳግመኛ ማንም ልጅ አባት እንዳያጣ ብዬ ነው።»

የወፍ ገመድ ምን እንደሆነ ያኔ አላውቅም። ከመርከብ ኋላ የሚጎተት ረጅም ገመድ እንደሆነ፣ ሪባን እንደሚንጠለጠልበት፣ ለወፎች እንደሆነ ብቻ ነው የማውቀው። ለወፎች ከሆነ አለንጋ ነው ብዬ ደመደምኩ። ካፒቴኑ አባቴን የገደሉትን ወፎች ሊገርፍልኝ ነው። ያን ሰው ወደድኩት።

እናቴ እሺ አለች። ሊወጣ ሲል ዞር ብሎ «ስትጨርሺው ጨው ውሃ ውስጥ ከርሞ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ይምታው» አላት። «አዲስ ገመድ እጅ ይልጣል።»

ፔዳሉ ቆመ። ለአፍታ ብቻ፤ ከዚያ ቀጠለ።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። መርከቧ ብዙ መንጠቆ የተንጠለጠለበት በጣም ረጅም መስመር ከኋላዋ ታወርዳለች። በየመንጠቆው የዓሣ ቁራጭ አለ። ቁራጩ እስኪሰምጥ ድረስ አልባትሮሶቹ ይሻሙበታል፤ መንጠቆውን የዋጠች ከነሕይወቷ ወደ ታች ትጎተታለች። የወፍ ገመድ ከመስመሩ በላይ የሚዘረጋው ለዚህ ነው። ሪባኑ በነፋስ ሲውለበለብ ወፎቹ ይሸሻሉ። ሕጉ ያለሱ መስመር አይወርድም ይላል። ጨው የጠጣና ፀሐይ ያነጣው ገመድ ደግሞ አሮጌ ይመስላል። የሚቀጥለው ሳምንት የአባቴ ሞት በወደቡ ጽሕፈት ቤት የሚመረመርበት ነበር።

ሰውየው የገደለውን ሰው ሚስት፣ ወንጀሉን የሚደብቅለትን የሐሰት ማስረጃ አሰፋት።

የመርከቧ ወጥ ሠሪ ጨው የለሽ የመጣው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነው። ሪባኑን ሲያይ አልተቀመጠም።

«ለሱ ነው የምትሰፊው? እጅሽ እንዴት ታዘዘልሽ፣ እህት ዓለም?»

«ሥራ ነው። ተቀመጥ፣ ሻይ ልስጥህ።»

ተቀመጠ። ጫማው ከአፍንጫዬ ፊት ነበር፤ የተጠበሰ ሽንኩርት ይሸታል።

«ገመድ አልነበረንም» አለ። «የነበረውን ካፒቴኑ ቆራርጦ ሣጥን አሰረበት። ከፕሮፔለሩ ጋር ይተበተብብኛል፣ ሥራ ያጓትትብኛል ይላል። ወፎቹ እንደ ዝናብ ወረዱብን። አንዷ መንጠቆውን ዋጠችና መስመሩን ጠመዘዘችው። ካፒቴኑ ባልሽን፣ ሂድ፣ ቁረጣት አለው። እሱን ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ ከመቁረጥ መፍታት ይወዳል። ጎንበስ ብሎ ሲፈታት ቀጣዩ መንጠቆ እጅጌውን ያዘውና ወደ ባሕሩ ጎተተው።»

«ወፏስ?»

«በረረች።»

ፔዳሉ ወጣ፣ ወረደ።

«ጠጥቶ ነበር?»

«የኔን ሻይ! እሱንም ስኳር አነሰው ብሎ ሰድቦኝ ነው የጠጣው።»

«ይህን ለመርማሪው ትናገራለህ?»

ጫማዎቹ ወደ ኋላ ሸሹ። «ልጆች አሉኝ። እዚህ ወደብ ላይ ያለው መርከብ ሁሉ የሱ ነው፣ ያልሆነው የወዳጁ ነው። አፌን ብከፍት ማን ያሠራኛል? ምግቤን እንደሆነ ታውቂዋለሽ።»

«እንግዲያው ሻይህን ጨርስ» አለችው። በቁጣ አልነበረም። ለዚህ ነው የፈራሁት።

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት ወፏ መብረሯን ነው። አባቴን ጥላ በረረች! ምስክር ተገኘ።

በዚያው ቀን ማታ ካፖርቴ ጠፋ። ከመኪናው አጠገብ ያገኘሁት ተቆራርጦ ነው። እናቴ ረዣዥም ቅዳጆቹን ዳክዬዎቹ ወደ ውስጥ እንዲሆኑ አድርጋ ሁለት እያጠፈች፣ ዳር ዳሩን እየሰፋች፣ ከቀዩ ሪባን መሐል መሐል ታንጠለጥላለች። ጮኽኩ፣ መሬት ላይ ተንከባለልኩ፣ እጇን ነከስኩ።

«ሪባኑ አንሶኝ ነው» አለች።

አላነሳትም። ጥቅሉ ግማሹ ቀርቶ ነበር፤ በዓይኔ እያየሁት። ከካፖርቱ የቀረው ቆቡ ብቻ ነው፤ እሱን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት። እናቴ ስለማትወደኝ ነው ብዬ አመንኩ።

ገመዱ በጨው ውሃ በርሜል ተነከረ፤ ጣሪያ ላይ ደረቀ። ካፒቴኑ ሊወስደው ሲመጣ በጣቶቹ መሐል እያሳለፈ አየው። ብርቱካናማው ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይህ ምንድን ነው?»

ካፖርቴ ነው ልል አፌን ከፈትኩ። የእናቴ ተረከዝ ጣቶቼ ላይ አረፈ፤ ከነሙሉ ክብደቷ።

«ከሩቅ እንዲታይ ነው፣ ካፒቴን።»

«ጎበዝ» አላት። «ከሩቅ ይታያል።»

*

ከምርመራው በፊት ማዕበል ሆነ። ማለዳ ስነቃ ነፋሱ ሞቷል፤ የዓሣ ማስጫው ሜዳ ላይ አንዲት አልባትሮስ ተቀምጣለች። ነፋስ ከሌለ መነሳት አትችልም። አባቴ የነገረኝን ያህል ትልቅ ናት፤ ከኔ ልትበልጥ ምንም አልቀራት። ምንቃሯን አማታች፣ ቀቀቀቅ አለች። ከምንቃሯ ጫፍ ጠብታ ይንጠባጠባል።

ታለቅሳለች ብዬ አሰብኩ። ተጸጽታለች። ዛሬ አውቃለሁ፤ አልባትሮስ የባሕር ውሃ ጠጥታ ጨዉን በአፍንጫዋ ነው የምታወጣው። የምታለቅስበት ጉዳይ አልነበራትም። ማልቀስ የነበረበት ሌላ ነው፣ እሱም እስካሁን ጠብ አላደረገም።

ድንጋይ አነሳሁ። ወረወርኩ፤ ሳትኩ። ሁለተኛውን ሳነሳ እናቴ ከኋላዬ እጄን ያዘችኝ።

«እሷ ናት!» አልኳት። «አባቢን ጥላው የበረረችው!»

እናቴ ወፏን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ጣቶቼን በድንጋዩ ላይ መልሳ አጠፈቻቸው።

«ድንጋይሽን ያዥው» አለችኝ። «አትጣይው። የሳትሽው ኢላማውን ነው።»

ረፋድ ላይ ነፋስ መጣ። ወፏ በሰፋፊ እግሯ እየተንደረደረች ሜዳውን ጨረሰችና ባሕሩ ላይ ተነሳች። ክንፏን አንዴ ከዘረጋች አላጠፈችውም።

*

የወደቡ አዳራሽ እርጥብ ወለልና ላስቲክ ቦቲ ይሸት ነበር። መርማሪው ጉንፋን የያዘው ቀጭን ሰው ነው፤ በየዓረፍተ ነገሩ ያስነጥሳል። ካፒቴኑ ገመዱን በዓሣ ሣጥን አመጣው፤ ጨው ነጥቶበት፣ ሪባኑ ጠውልጎ፣ የዓመታት ዕድሜ ያለው ይመስላል።

«በዚያ ቀን ከኋላችን ሲውለበለብ የነበረው ይኸው» አለ። «ሕጉን ጠብቄያለሁ። ጠጥቶ ሥራ ላይ የሚወጣን ሰው ግን ገመድ አያድነውም።»

እናቴ ተነሳች። እጄን እንደያዘችኝ ነበር።

«ካፒቴን፣ ራሱ ነው?»

«ራሱ ነው። አምና አንቺው አይደለሽ የሰፋሽልኝ? ሐዘን አእምሮሽን አይንሳሽ እንጂ፣ እህቴ።»

«ይምሉበታል?»

«እምላለሁ» አለና ማለ፤ እጁን አንስቶ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ሳይደናቀፍ።

እናቴ ወደ ሣጥኑ ሄደች፣ አንድ ብርቱካናማ ቅዳጅ ሳበችና የስፌቱን ክር በጥርሷ በጠሰችው። ትር ትር ትር አለ። የታጠፈውን ዘረጋችው። ጨውና ፀሐይ ያልነካቸው ዳክዬዎች፣ ነጫጭ፣ ተሰልፈው ይዋኛሉ።

አንዱ ከኋላ «ወፍ ሊያባርሩ ዳክዬ ሰቀሉ!» አለ። አዳራሹ ሳቀ። መርማሪው ያልገባው ሆኖ አስነጠሰ።

ነገሩን የፈታው ሁለተኛው ረድፍ ነው። የካፒቴኑ ሚስት ብድግ አለች። ፊቷ ቀልቷል።

«እንዴ! እኔ ያለበስኳትን ካፖርት! በሰው ሁሉ ፊት የሰጠሁትን ስጦታ ቆራርጠሽ የወፍ ማባረሪያ ታደርጊዋለሽ? ምን ዓይነት ውለታ ቢስ ነሽ?»

እናቴ ድምፅዋን እንደ ማር አለሰለሰችው። «መቼ ነበር የሰጡኝ፣ እትዬ?»

«በሐዘኑ ነዋ! ባልሽ በሞተ ሰሞን! ይህ ሁሉ ሰው ሲያይ...»

«ዝም በይ!» አለ ካፒቴኑ።

«ለምን ዝም እላለሁ? ራሴ መርጬ፣ ራሴ ገዝቼ...»

«ዝም በይ አልኩሽ!»

አዳራሹ ግን ቀድሞ ዝም ብሎ ነበር። ያን ዝምታ እስከ ዛሬ ስፈልገው አመጣዋለሁ፤ ሲከፋኝ እንደ ከረሜላ አፌ ውስጥ አደርገዋለሁ። እናቴ ጠበቃ አልነበራትም፣ ዘመድ አልነበራትም፣ ምስክሯም ፈርቶባታል። የነበራት የዚያች ሴት ጉራ ነው። ስጦታዋ ሲነካ ዝም እንደማትል አውቃ፣ በዚያ ላይ ነው ገመዱን የሰፋችው።

ከቦርሳዋ ቆቡን አውጥታ ከቅዳጁ አጠገብ አስቀመጠችው። ያኔ ነው አንቺታውን የመለሰችለት።

«ባሌ ሰካራም አልነበረም። አንተ ጠጥቶ ወጣ ያልከው ሰው ሻይ ነው የጠጣው።»

«ሻይ ነው!» አለ ከበሩ አጠገብ አንድ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ። ጨው የለሽ ነበር፤ ባርኔጣውን እንደ ጨርቅ እየጨመቀ። «እኔ ነኝ ያፈላሁለት። ገመድም አልነበረንም። ስኳሩም... ስኳሩም አንሶ ነበር፤ እውነቱን ነው።»

ካፒቴኑ ዳግመኛ መርከብ አልመራም፤ ፈቃዱን ነጠቁት። መርከቧ ለሌላ ሰው ተሸጠች። ከዚያ ወዲህ የወፍ ገመዱን ለመርማሪው ዘርግቶ ሳያሳይ ከወደቡ የሚወጣ አልነበረም። በቃ፣ ይህ ብቻ ነው የደረሰበት። ቤቱ ቀረለት፣ እርጅናው ቀረለት። አባቴ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር። እና ዛሬ እኔን «ይብቃሽ» የሚለኝ ሰው ካለ፣ ምኑ እንደበቃኝ ቁጭ ብሎ ያስረዳኝ።

መርከቧ በአዲሱ ባለቤቷ ስትወጣ ከእናቴ ጋር ቆመን አየናት። ምርመራው ስላለቀ የእናቴን ገመድ ለመርከቧ ሰጥተዋታል፤ ቆቡን ግን እናቴ መልሳ ወስዳለች። ገመዱ ከመርከቧ ኋላ ተዘረጋ፤ ቀይ፣ ቀይ፣ ብርቱካናማ። ካፖርቴ ባሕሩ ላይ ይውለበለባል። አልባትሮሶቹ ሲከተሏት አየሁና ዘልዬ ጮኽኩ።

«ግረፋቸው! ግረፋቸው!»

ካደግሁ በኋላ፣ ለሥራዬ በእንዲህ ያለች መርከብ ኋላ ቆሜ በቅርብ አየሁት። ወፏ ወደ ዓሣው ቁራጭ ትወርዳለች፣ ሪባኑ ፊቷ ላይ ውልብ ይላል፣ ክንፏን ታጋድልና ትመለሳለች። አይነካትም። ከነሕይወቷ፣ ከነረሃቧ፣ ጫጩቷ ወዳለበት ደሴት ትሄዳለች። ለዓመታት የተበቀልኳቸው የመሰለኝ ወፎች በኔ ካፖርት ሲድኑ ኖረዋል። አባቴ ቢያይ ይስቅብኝ ነበር።

እኔም ድንጋዬን አልጣልኩትም። ያለ ገመድ መስመር በሚያወርዱ የመርከብ ባለቤቶች ላይ ሃያ ዓመት ጋዜጣ ላይ ጽፌያለሁ፤ ከሰውኛል፣ ሰድበውኛል፣ የሁለቱን ድርጅት አስዘግቻለሁ። ኢላማዬን ከሳትኩ ቆየሁ።

*

ትናንት ለእናቴ ደወልኩላት። ዓይኗ ደክሟል፣ መኪናው ግን አሁንም መስኮቱ ሥር ነው።

«ካፒቴኑ ሊሞት ነው» አልኳት። «ይቅርታ ሊጠይቀኝ ይፈልጋል። ልሂድ?»

ይቅር በይው፣ እኛም ሟች ነን፣ ምናምን ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። ሰው ሲያረጅ ይለሰልሳል ይባላል። በስልኩ ውስጥ የመሳቢያ ቁልፍ ሲዞር ሰማሁ።

«ሂጂ እንጂ» አለችኝ። «በሰው እልክልሻለሁ፣ ይዘሽለት ሂጂ። ሲተኛም ሲነቃም የሚያየው ቦታ ላይ ስቀይለት። ምንም አትናገሪው።»

ቆቡ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። ከሁለት መዳፎቼ ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ያኔ ጭንቅላቴ እንዲህ ትንሽ ነበር ማለት ነው። ብርቱካናማው ትንሽ ደብዝዟል። እናቴ አጥባ፣ ተኩሳ፣ ማንጠልጠያ ክር ሰፍታበታለች።

ዳክዬዎቹ ወደ ውጭ ናቸው።